ስለ ሃልሻኒዋ ሶፊያ ጋብቻ የተጻፈው ሊሟላ ይገባል

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቅርቡ በታሪክ ዓምዳችሁ ስለ ፖላንዱ ንጉሥ ስለ ቭላዲስላቭ ያጌሎና ስለ አራተኛ ሚስቱ፣ ስለ ሊትዌኒያዊቷ የመሳፍንት ልጅ ስለ ሶፊያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ምሥራቅ አውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ በአማርኛ እምብዛም ስለማይጻፍ፣ ርእሱን ማንሣታችሁ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የተረከው አንድ ሽማግሌ ንጉሥ በአንዲት ኮረዳ ውበት ተማርኮ እንዳገባት፣ እሷም ብዙ ሳትቆይ በዝሙት እንደተከሰሰች ብቻ ነው፤ ክሱ በምን እንደተቋጨ እንኳ ሳይነግረን አበቃ። ለረጅም ዓመታት የዓለም ታሪክ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ አንባቢው ይህን ብቻ ይዞ እንዲቀር ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ይህ ጋብቻ ለምን እንደተፈጸመ ለመረዳት ንጉሡ ዙፋኑን ያገኘው እንዴት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ያጌሎ በትውልድ ስሙ ዮጋይላ የሚባል የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን ነበር። እሱም ሊትዌኒያውያን ወገኖቹም ገና ክርስትናን ባልተቀበሉበት ዘመን፣ በ1386 ወደ ፖላንድ መዲና ወደ ክራኮቭ ሄዶ ከተጠመቀ በኋላ፣ በፖላንድ ዙፋን ላይ በራሷ መብት የተቀመጠችውን ወጣቷን ያድቪጋን አገባ፤ ቭላዲስላቭ ተብሎም ነገሠ። እንግዲህ ዘውዱ የመጣለት ከሚስቱ ነው ማለት ነው። ያድቪጋ በ1399 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ሕፃኗ በተወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተች፤ እናቲቱም ወዲያው ተከተለቻት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ንጉሡ የተቀመጠበት ዙፋን በምን መብት የእሱ እንደሆነና ከእሱስ በኋላ ለማን እንደሚተላለፍ ጥያቄው ተከፈተ።

ሁለተኛዋ ሚስቱ አና ዘ ጺሊ (ጺሊ ዛሬ በስሎቬኒያ ያለች ከተማ ናት) በ1402 የተመረጠችው የፖላንድ ጥንታዊ ነገሥታት የፒያስት ደም ስላላት ነበር፤ የታላቁ ካዚሚር የልጅ ልጅ ነበረችና። እሷም አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ወልዳ በ1416 አረፈች። ሦስተኛዋ ኤልዛቤት ግራኖቭስካ ዕድሜዋ የገፋ፣ ልጆቿን ያሳደገች መበለት ነበረች፤ መኳንንቱም ጋብቻውን ክፉኛ ጠልተውት ነበር፤ በ1420 ስትሞት ለንጉሡ ምንም ልጅ አልተወችለትም። ስለዚህ በግሩንቫልድ ሜዳ የቴውቶን መስቀለኞች የተባሉትን የጀርመን መነኮሳት ተዋጊዎች ድል የነሣው ይህ ታላቅ ንጉሥ ስድሳውን ዓመት ሲያልፍ፣ አንዳንዶች ሰባን ደርሶ ነበር ይላሉ፣ ወራሹ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ነበረች። ልጅቷም በ1421 ለጀርመናዊው የብራንደንቡርግ ገዥ መስፍን ልጅ ለፍሬድሪክ ታጨች። ሌላ ልጅ ባይወለድ ኖሮ የፖላንድ ዘውድ ወደ ጀርመኑ የሆሄንዞለርን ቤት ሊሄድ ነበር ማለት ነው።

ይህ እጅግ ያሳሰበው ሰው ንጉሡ ሳይሆን የንጉሡ የአጎት ልጅ፣ የሊትዌኒያው ታላቅ መስፍን ቪታውታስ ነው። የሁለቱ አገሮች አንድነት የቆመው በያጌሎ ቤተሰብ ላይ ስለነበር፣ ዘውዱ ወደ ሌላ ቤት ቢሄድ የሊትዌኒያ ዕጣ ምን እንደሚሆን አያጠያይቅም። በሌላ በኩል የሃንጋሪው ንጉሥ ሲጊስሙንድ የሟች ወንድሙን ሚስት ለያጌሎ ሊያጋባው ይጥር ነበር፤ ያ ቢሆን ኖሮ የፖላንድ ቤተ መንግሥት በሲጊስሙንድ ቤት፣ በሉክሰምቡርጎች ተጽዕኖ ሥር በወደቀ ነበር። ቪታውታስ ያቀረበው አማራጭ ሶንካ ነበረች፤ ሶፊያን በቤት ስሟ የሚጠሯት እንዲህ ነበር። ልጅቷ ከሃልሻኒ መሳፍንት ወገን ናት። አያቷ ኢቫን የቪታውታስ የክፉ ቀን ባልንጀራ ሲሆን፣ በእሱም ስም ኪየቭን አስተዳድሯል፤ የቪታውታስ ሁለተኛ ሚስት ኡሊያናም ከዚሁ ቤት የወጣች ናት። እንግዲህ የቀረበችው ሙሽራ ወጣትና ለመውለድ የደረሰች፣ ከኃያል የውጭ ንጉሥ ጋር ያልተሳሰረች፣ ከሁሉም በላይ ለቪታውታስ በጋብቻ የቀረበች ነበረች። ይህን ሁሉ ትቶ «በውበቷ ተማረከ» ብሎ ማለፍ የነገሩን ሥር መሳት ይመስለኛል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ትውልዷ አንድ ነገር ልበል። ጽሑፋችሁ «ሊትዌኒያዊት» ማለቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የሊትዌኒያ ታላቁ መስፍንነት ዛሬ ካለው የሊትዌኒያ ሪፐብሊክ እጅግ ይሰፋ ነበር። ሃልሻኒ ዛሬ በቤላሩስ ግዛት ውስጥ፣ ከሊትዌኒያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ሶፊያ ያደገችው በኦርቶዶክስ እምነት ነው። አባቷ አንድሬ ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ እናቷ አሌክሳንድራ ሦስት ሴቶች ልጆቿን ይዛ በድሩትስክ መሳፍንት ዘንድ፣ በዘመዷ በሴምዮን ቤት ተጠግታ ነበር። አባት የሌላት፣ በዘመድ ጥላ ሥር ያደገች ልጅ እንደነበረች ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያደረገችው ሁሉ የሚመዘነው ከዚህ ተነሥቶ ነውና።

ስለ አመራረጧ በኋላ ዘመን የተጻፈ አንድ የሊትዌኒያ ዜና መዋዕል የሚተርከው ነገር አለ። ንጉሡ ታናሺቱን ሲጠይቅ፣ ሴምዮን ታላቂቱ ቫሲሊሳ ሳትዳር ታናሺቱን መስጠት ነውር ነው ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻም ለታላቂቱ ሌላ ባል ተፈልጎላት መንገዱ ተጠረገ። ላባን ለያዕቆብ የሰጠውን መልስ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ የሴምዮን ጭንቀት ይገባዋል። የንግግሩ ቃል እንዳለ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ ቫሲሊሳ በእርግጥም ለሌላ መስፍን የተዳረች መሆኗ የታወቀ ነው፤ ሦስተኛዋ እኅት ማሪያም ኋላ የሞልዳቪያ ገዥ ሚስት ሆናለች። ልብ ልንለው የሚገባው ግን በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሶንካ የራሷ ቃል አለመኖሩ ነው። ንጉሡ ይጠይቃል፣ ዘመድ ይከራከራል፣ መስፍኑ ያግባባል፤ እሷን የጠየቀ የለም። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ገደማ ሲሆን፣ ሙሽራው ቢያንስ በአርባ ዓመት ይበልጣት ነበር። የዘመኑ ልማድ ነው ተብሎ ቢታለፍም፣ የአንዲት ልጅ ሕይወት በዚህ መንገድ መወሰኑን ስናነብ ሊከብደን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሰርጉ የተፈጸመው በየካቲት 1422 በናቫህሩዳክ ከተማ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በካቶሊክ ሥርዓት እንድትጠመቅ ተደርጓል። ሚስት ከሆነች በኋላ ግን ዘውድ እስክትጭን ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባት፤ በ1424 በክራኮቭ ቫቬል ካቴድራል ዘውድ ስትደፋ በእንግድነት ከተገኙት መካከል ሲጊስሙንድና የዴንማርኩ ንጉሥ ኤሪክ ነበሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ የመጀመሪያ ወንድ ልጇን ቭላዲስላቭን ወለደች። ንጉሡ ከመጀመሪያ ጋብቻው 38 ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ አየ። በ1426 ሁለተኛ ልጅ ካዚሚር ተወለደ፤ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። በኅዳር 1427 የተወለደው ሦስተኛ ልጅም የሟች ወንድሙ ስም ተሰጠው።

አሁን ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ወዳልነካው፣ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ ወደሚልቀው ጉዳይ ልግባ። እነዚህ ልጆች የተወለዱት ከያድቪጋ አልነበረም፤ የፒያስት ደምም የላቸውም። ስለዚህ የፖላንድ መኳንንት ለንጉሡ «አንተን የተቀበልንህ በሚስትህ ምክንያት ነው፤ ልጆችህ በውርስ አይነግሡም፤ እኛ ከመረጥናቸው ግን ሊነግሡ ይችላሉ» የሚሉበት ምክንያት አገኙ። በ1425 ልጁን በንግሥና ለመቀበል ቃል የገቡበት ሰነድ ተዘጋጀ፤ በምላሹም ንጉሡ መብቶቻቸውን እንዲያጸናላቸው ጠየቁ። ንጉሡ ይህን ለመፈጸም እምቢ ባለ ጊዜ፣ በ1426 በዌንቺትሳ ጉባኤ መኳንንቱ ሰይፋቸውን መዝዘው ያንኑ ሰነድ እዚያው በንጉሡ ፊት ቆራረጡት። ይህን ትዕይንት ለአንድ አፍታ እናስበው፤ የሁለት ዓመት ገደማ ሕፃን መንገሥ አለመንገሡ የተጻፈበት ብራና በአባቱ ዓይን ፊት በሰይፍ ሲበጣጠስ!

ንጉሡ በመጨረሻ ተሸነፈ። በ1430 በየድልኒያ፣ በ1433 ደግሞ በክራኮቭ ባጸናው የመብት ሰነድ፣ ከልጆቹ አንዱ በመኳንንቱ ምርጫ እንዲነግሥ ሲፈቀድ፣ በዋጋው ንጉሡ «በሕግ ፍርድ ካልተረታ በቀር ማንንም አናስርም» የሚል ቃል ለባለርስት መኳንንት ሰጠ። ቃሉ ለገበሬው አልደረሰም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ሆኖም ንጉሥ ሰውን በፈቃዱ ብቻ እንዳያስር የሚከለክል የተጻፈ ሕግ በዚያ አገር የቆመው፣ የመኳንንቱ ንጉሥ የመምረጥ መብትም ሥር የሰደደው ለሶፊያ ልጆች ዘውድ በተደረገው በዚህ ድርድር ነው። የናቫህሩዳኩ ሰርግ ባይኖር ልጆቹ ባልኖሩ፣ ድርድሩም ባልተደረገ ነበር። አንድ የታሪክ ዓምድ ስለዚህ ጋብቻ ሲጽፍ ይህን ትቶ ስለ ሙሽራዪቱ መልክ ማውራቱ ያሳዝነኛል።

ስለ ዝሙቱ ክስ ደግሞ እንነጋገር። በ1427 ንግሥቲቱ የመጨረሻ ልጇን በማሕፀኗ ይዛ ሳለች፣ ከቤተ መንግሥት ባላባቶች ጋር ትማግጣለች የሚል ክስ ተነሣባት። ወሬውን ወደ ንጉሡ ጆሮ በማድረስ የቪታውታስ እጅ ነበረበት። የንግሥቲቱ ደንገጡሮች ተይዘው በሥቃይ ተመረመሩ፤ በሥቃይ ብዛትም የበርካታ ባላባቶችን ስም ጠሩ። ከተጠረጠሩት አንዱ ሂንቻ ዘ ሮጎቭ ተይዞ በሄንቺኒ ግንብ ታሠረ፤ ሌሎቹ የሸሹም ነበሩ። ማስረጃው በግርፋት የተገኘ የደንገጡሮች ቃል ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልቀረበም። ሶፊያ በዘመኑ ሕግ መሠረት፣ የተከበሩ እመቤቶች አብረዋት እየማሉ፣ በመሐላ ራሷን ከክሱ አነጻች፤ የተወለደውም ልጅ የንጉሡ ልጅ መሆኑ ታወቀ። ሂንቻም ተፈትቶ ኋላ ወደ ሹመትና ክብር ተመልሷል። ጽሑፋችሁ ክሱን ዘርዝሮ ፍርዱን መተዉ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ በስም ማጥፋት ያስጠይቅ ነበር፤ ከሞተች ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሆናት ሴትም ከዚህ ያነሰ ፍትሕ አይገባትም።

ጋብቻውን ያደራጀው ቪታውታስ ራሱ ለምን ከሳሽ ሆነ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በእኔ ግምት መልሱ ቀላል ነው፤ የተጠበቀችው ለእሱ ፈቃድ የምትገዛ ዘመድ እንድትሆን ነበር፤ እሷ ግን ወንዶች ልጆች የወለደች፣ የራሷን ወገን በክራኮቭ ቤተ መንግሥት ያቆመች ንግሥት ሆና ተገኘች። ንግሥቲቱን የሚቀናቀን ኃይል በፖላንድም ነበር። የክራኮቩ ጳጳስ ዝቢግኒየቭ ኦሌሽኒትስኪ በግሩንቫልድ ጦርነት የንጉሡን ሕይወት በማዳን ዝና ያገኘ፣ በኋላም በአገሪቱ ላይ እንደ ንጉሥ ያዘዘ ብርቱ ሰው ሲሆን፣ ከሶፊያ ጋር ለብዙ ዓመታት ተቃዋሚ ሆነው ኖረዋል። ስለ ንግሥቲቱ ጠባይ ዛሬ የሚነገረው አብዛኛው ደግሞ የተወረሰው ከታሪክ ጸሐፊው ከያን ድውጎሽ ነው። ድውጎሽ ታላቅ ጸሐፊ መሆኑን አልክድም፤ ያለ እሱ ስለዚያ ዘመን የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር። ነገር ግን እሱ የኦሌሽኒትስኪ ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ፣ የጌታውን ዓይን ተውሶ ዓለምን ያየ ሰው ነው። የተወለደው በ1415 ስለሆነ ሰርጉ ሲሆን የስድስት ዓመት ገደማ፣ ክሱ ሲነሣ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ስለዚህ የጻፈው ያየውን ሳይሆን ከንግሥቲቱ ባላንጣዎች የሰማውን ነው። በ1431 ከአና የተወለደችው የንጉሡ ሴት ልጅ ያድቪጋ ስትሞት እንጀራ እናቷ መርዝ አብልታት ነው የሚል ወሬ እንደተነዛም ስናስታውስ፣ በዚያ ቤተ መንግሥት ስም ማጥፋት ምን ያህል የተለመደ መሣሪያ እንደነበር እንረዳለን።

ንጉሡ በ1434 በግሩዴክ አረፈ። የሞቱ ምክንያት በቀዝቃዛ ሌሊት ናይቲንጌል የምትባለውን በጨለማ የምትዘምር ትንሽ ወፍ ዜማ ለመስማት ወጥቶ ብርድ ስለመታው ነው ይባላል። ልጁ ቭላዲስላቭ አሥር ዓመት ሳይሞላው ክራኮቭ ላይ ዘውድ ጫነ፤ ሥልጣኑ ግን በኦሌሽኒትስኪና በወገኖቹ እጅ ነበር፤ መበለቲቱም በልጇ ስም እንድታስተዳድር አልተፈቀደላትም። ይህ ልጅ በ1440 የሃንጋሪን ዘውድም ጨምሮ ደረበ፤ በኅዳር 1444 በቫርና ጦርነት ከኦቶማን ቱርኮች ጋር ሲዋጋ በሃያ ዓመቱ ወደቀ። ሬሳው ሳይገኝ ስለቀረ ሞቱን ለማመን ያልፈለጉ ብዙዎች ነበሩ። ዙፋኑ ለሦስት ዓመት ያህል ያለ ንጉሥ ቆይቶ፣ በ1447 የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን የነበረው ታናሽ ልጇ ካዚሚር የፖላንድን ዘውድ ደፋ፤ ሁለቱን አገሮች ለ45 ዓመት የገዛውም እሱ ነው። በማሕፀን ሳለ ሕጋዊነቱ የተጠየቀው ያ ልጅ ማለት ነው!

ሶፊያ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ክራኮቭን ማዕከል አድርጋ ኖራለች። ከ1453 እስከ 1455 ባለው ጊዜ ብሉይ ኪዳን በፖላንድኛ ተተርጉሞ በእጅ የተጻፈላት ሲሆን፣ ከታወቁት የፖላንድኛ የብሉይ ኪዳን ትርጉሞች ቀደምት የሆነው ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ «የንግሥት ሶፊያ መጽሐፍ ቅዱስ» ይባላል። መጽሐፉ ለረጅም ዘመን በሃንጋሪ ሻሮሽፓታክ ተጠብቆ ከኖረ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ደብዛው ጠፍቷል። በልጅነቷ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሥርዓት የጸለየች ሴት የተዳረችበትን አገር ሕዝብ ቋንቋ ለቅዱስ መጽሐፍ የሚበቃ አድርጋ ማየቷ ስለ እሷ ከሐሜቱ ሁሉ በላይ የሚናገር ይመስለኛል። በ1461 አርፋ በቫቬል ካቴድራል ራሷ ባሠራችው የሥላሴ ጸሎት ቤት ተቀበረች።

ጽሑፋችሁ «የያጌሎና የያድቪጋ ሥርወ መንግሥት» የሚል አገላለጽ ስለተጠቀመ ይህንንም ማረም ግድ ይላል። ከያድቪጋ የተወለደ አንድም ንጉሥ የለም። ከያጌሎ በኋላ እስከ 1572 የፖላንድንና የሊትዌኒያን ዙፋን የያዙት ያጌሎናውያን ሁሉ፣ እንዲሁም በቦሄሚያና በሃንጋሪ የነገሠው ቅርንጫፋቸው፣ የሊትዌኒያ ጠባቂ ቅዱስ ሆኖ የሚከበረው ቅዱስ ካዚሚርም ጭምር፣ የሶፊያ ልጆችና የእነሱ ዘሮች ናቸው። የልጅ ልጅዋ ልጅ አና የኦስትሪያውን የሐብስቡርግ ቤት ልዑል ፈርዲናንድን ስላገባች፣ የዚያ ቤት ነገሥታትም ዘራቸው ከሃልሻኒ ይመዘዛል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን በትሕትና የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ንግሥቲቱ ከክሱ በመሐላ መንጻቷንና ሥርወ መንግሥቱ ከእሷ እንጂ ከያድቪጋ ያልተወለደ መሆኑን በሚቀጥለው እትማችሁ በማረሚያ መልክ እንድታወጡ። ሁለተኛ፣ ዓምዱ ወደዚህ ርእስ ሲመለስ ስለ 1430ውና ስለ 1433ቱ የመብት ሰነዶች ራሱን የቻለ ጽሑፍ እንዲያቀርብ፤ ለዚህ የሚረዱ ማስታወሻዎች በእጄ ስላሉ፣ አዘጋጁ ቢፈልጋቸው ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ